ፉጨት ሲነሳ ዞራችሁ የምታዩት ሰው እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ሥራ ቦታ ነው። ኬብሉ ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ፣ ባንዱ እስኪመጣ ባለችው ክፍተት። ሥራዬ ሚክሰር ላይ፣ የየማይኩንና የየመሣሪያውን ድምፅ የሚያዋህደው ሰሌዳ ላይ መቀመጥ ነው፤ ሳውንድ ማን ነው የሚሉኝ። ስለ አንድ ኮንሰርት ወይም ስብሰባ ስትዘግቡ መጨረሻ ላይ ጣል የምታደርጓት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «በድምፅ ጥራት ጉድለት ታዳሚው ሲቸገር ተስተውሏል» የምትለዋ። በቃ፣ እዚያው ላይ ነጥብ ይደረጋል። ጉድለቱ ከየት መጣ፣ ማን ምን ቢያደርግ ይቀር ነበር፣ የሚል የለም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ እሷ ናት።

ድምፁ ሲያምር እኔ የለሁም። ማይኩ ፊ... ብሎ ሲጮህ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው አንገቱን ጠምዝዞ ያየኛል። ለምጄዋለሁ። ዞራችሁ ስታዩኝ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ብታውቁ ግን ቢያንስ ስድባችሁ ቦታውን ያገኛል ብዬ ነው። የምለውም ይሄ ነው፤ ዝግጅት ላይ የምትሰሙት መጥፎ ድምፅ አብዛኛው የሚበላሸው በሩ ሳይከፈት፣ ወንበሩ ገና ባዶ እያለ ነው። ሰው ከገባ በኋላ እኔ የቀረኝ ሥራ ማስታመም ነው።

ከጌይን ልጀምር። ትልቁ ጣጣ የሚወለደው እዚያ ነው። ሚክሰር ላይ እያንዳንዱ ቻናል (የአንድ ማይክ ወይም መሣሪያ መስመር) ከላይ አንዲት ማዞሪያ አለችው፣ ጌይን የምትባል። ከታች ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው ፌደር አለ። ሰው የሚያውቀው ፌደሩን ነው፤ ሚክሰር አጠገብ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ እጁን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ግን ላይኛዋ ላይ ነው። ማይክ የሚያመጣው ኤሌክትሪክ በሚሊ ቮልት የሚቆጠር፣ ኢምንት ነገር ነው። ሚክሰሩ ሊሠራበት የሚፈልገው ደግሞ አንድ ቮልት አካባቢ ነው፤ የባለሙያ ዕቃዎች የተስማሙበት ደረጃ +4 ዲቢዩ ይባላል፣ ወደ ቮልት ሲመነዘር 1.23 መሆኑ ነው። ያቺን ኢምንት እዚህ ድረስ የሚያመጣት ጌይን ነው። ጌይኑን ዝቅ ካደረጋችሁት ኋላ ላይ በፌደር ስትገፉ ከድምፁ ጋር ሽሽሽ የሚለውም አብሮ ይወጣል። ካበዛችሁት ደግሞ ድምፁ ገና ሲገባ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ድምፅ በፌደር አይድንም። ፌደሩን ብታወርዱት ያው ስንጥቁ ቀስ ብሎ ይሰማል እንጂ።

አንድ ምሽት ባልደረባዬን ልተካው ዝግጅቱ መሃል ላይ ደረስኩ። ዘፋኙ እየዘፈነ ነው፤ ድምፁ በተቀደደ ስፒከር የሚወጣ ይመስላል። ባልደረባዬ ላብ በላብ ሆኗል። «ማይኩ ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጣልኝ» አለኝ። ሚክሰሩን አየሁት። የዘፋኙ ቻናል ላይ ቀይዋ መብራት በርታ ቀርታለች። ፌደሩ ደግሞ ታች ወርዶ ሊዘጋ አንድ ጣት ነው የቀረው። ገባኝ። ከሰዓት ሳውንድ ቼክ ላይ፣ ማለትም ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ ስንሞክር፣ ልጁ ስልኩን እየነካካ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» ብሎ ወርዷል። ባልደረባዬም ለዚያች ሹክሹክታ ብሎ ጌይኑን ከፈተው። ማታ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ልጁ ደረቱን ነፍቶ ለቀቀው። ሚክሰሩ ሞላ። እሱም ሲደነግጥ ፌደሩን ጎትቶ አወረደ። ድምፁ ቀነሰ፣ ስንጥቁ ቀረ።

በአንድ እጄ ጌይኑን ቀስ እያልኩ ማውረድ፣ በሌላው ፌደሩን በዚያው ልክ ማውጣት ጀመርኩ። ቀይዋ ጠፋች፣ ማይኩም ዳነ። ወዲያው ግን ዘፋኙ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ለምን? መድረኩ ላይ እሱን የሚያሰማው ሞኒተር ድምፁን የሚወስደው ከፌደሩ በፊት፣ ከጌይኑ ግን በኋላ ነው። ጌይኑን ሳወርድ የሱም ሞኒተር አብሮ ወረደ። ሕዝቡ እፎይ ሲል እሱ ራሱን መስማት አቃተው። የሞኒተሩንም መክፈት ነበረብኝ፤ ያለኝ ግን ሁለት እጅ ነው። ይኸው ነው እንግዲህ ማስታመም የምለው። ከሰዓት አሥር ሰከንድ ከልቡ ዘፍኖ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማይክ የምትይዙ ሁሉ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ «አንድ ሁለት» አትበሉ። እንደ ማታው ዝፈኑ። ከዘፈኑ ውስጥ ከፍ የምትሉበትን ቦታ ስጡኝ። ከበሮ መቺውም እንደዚያው። ሳውንድ ቼክ ላይ በጣት ጫፍ የሚነካ፣ ማታ የሚደበድብ ከበሮ መቺ ስንቱን አይቻለሁ! እኔ በበኩሌ ጌይን ስሠራ የቀረውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኝቼ አንድ በአንድ ነው የማየው። ቻናሉን ሶሎ አደርጋለሁ (እሱን ብቻ ለይቼ እሰማለሁ)፣ የድምፁን መጠን የሚያሳየውን ሜትር አያለሁ፣ ሰውየው ከፍ ሲል የት እንደሚደርስ አያለሁ። ዲጂታል ሚክሰር ከሆነ አማካዩን −18 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ አስቀምጬ ላዩ ላይ ባዶ ቦታ እተዋለሁ፤ ምክንያቱም ዲጂታል ላይ 0 ግድግዳ ነው። የድሮው አናሎግ ሲሞላ ትንሽ እየወፈረ ያስጠነቅቃል፤ ዲጂታሉ ምንም ሳይል ይቆርጠዋል። ጌይኑ በደንብ ሲቀመጥ ፌደሩ 0 የተጻፈበት ቦታ አካባቢ ይውላል። እዚያ ጋ ፌደሩ ለእጅ ይመቻል፤ ትንሽ ብትገፉት ትንሽ ነው የሚጨምረው። ታች ስትወርዱ ግን ቁጥሩ ተጠጋግቷል፣ ሚሊ ሜትር ሳትገፉ ድምፁ ዘሎ ይወጣል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ያ ባልደረባዬ ፌደሩን ታች አድርጎ ሲታገል የነበረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደምትጠሉት ፉጨት ልምጣ። ነገሩ ቀላል ነው። ማይኩ የሰማውን ስፒከሩ ያወጣዋል፣ ስፒከሩ ያወጣውን ማይኩ መልሶ ይሰማዋል። ዙሩ ይከርና አንዲት ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት ደረጃ) ብቻዋን ታመልጣለች፤ ጆሯችሁን የምትወጋው እሷ ናት። ይሄን የምታመጣው ሚክሰሩ ሳይሆን የቦታ አቀማመጥ ናት። ስፒከር ከማይክ ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ መቆም አለበት። ማይኩ ከስፒከሩ ኋላ። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ግን ስፒከሩን ልኩ ቦታ አቁሜው ጃኬቴን ላመጣ ሄጄ ስመለስ ዲኮር የሚሠሩት ልጆች «እይታ ያበላሻል» ብለው ግድግዳ ጋ ገፍተውት አገኛለሁ። አሁን ተናጋሪው የሚቆመው ስፒከሩ ፊት ለፊት ነው። ብነግራቸው ይስቃሉ። ማታ ሲያፏጭ ሰው የሚያየው ግን የአበባ ማስቀመጫውን አይደለም፣ እኔን ነው።

ሞኒተርም ቦታ አለው። የተለመደው የእጅ ማይክ ካርዲዮይድ የሚባለው ነው፤ ከፊቱ ይሰማል፣ ከጀርባው አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ኤስኤም 58፣ ያ ኳስ ራስ ያለው ሁላችሁም የምታውቁት፣ ከዚህ ወገን ነው። ለሱ ሞኒተሩን ከማይኩ ጭራ ፊት ለፊት ታስቀምጣላችሁ። ሱፐርካርዲዮይድ የሚባለው ግን ከጀርባውም ትንሽ ይሰማል፤ የማይሰማበት ቦታ ከፊቱ 126 ዲግሪ አካባቢ ዞር ብሎ፣ ከጎንና ከጀርባው መካከል ነው። ለሱ ሞኒተሩ ወደ ጎን ዞር ማለት አለበት። አንዳንዱ ማይኩን ውድ በሆነው ይቀይርና ሞኒተሩን እዚያው ይተወዋል፤ ከዚያ «ይሄ አዲሱ ማይክ ያፏጫል» ይላል። ማይኩ ምን አደረገ?

ሌላው ጣጣ አያያዝ ነው። የማይኩን ራስ በመዳፍ ጨብጦ መያዝ ያምራል ብሎ ማን እንዳስተማረ አላውቅም። ከጀርባው የሚመጣውን ድምፅ እንዳይሰማ የሚያደርጉት በራሱ ዙሪያ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። በመዳፍ ስትደፍኗቸው ማይኩ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ሞኒተሩንም ጭምር። ከዚያ ፊ...። ስብሰባ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማይኩን ሆድ ላይ ይዞ መናገር። ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ከአፍ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ የነበረ ማይክ 10 ላይ ሲደርስ 6 አጣ፣ 20 ላይ 12፣ ሆድ ጋ 40 ሲደርስ 18። ያንን 18 ዴሲቤል እኔ ከየት ላምጣው? በጌይን ብጨምረው ማይኩ ከሰውየው ይልቅ ስፒከሩን መስማት ይጀምራል። ተናጋሪው ደግሞ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፤ ማይኩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ድምፅ የለም እንዴ?» ብሎ አፉ ላይ ይለጥፈዋል። የ18 ዴሲቤሉ ጌይን እንደተከፈተ ነው። የዚያን ጊዜ እኔን አለማየት ነው።

የፓናል ውይይትማ አይነሳ። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ማይክ ተደርድሮ «ሁሉንም ክፈተው» እባላለሁ። የተከፈተ ማይክ ቁጥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ሳያፏጭ የምንከፍተው ልክ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። አንድ የነበረው ስምንት ሲሆን 9 ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ያልተናገረውን ሚዩት አድርጌ (ድምፁን ዘግቼ)፣ ማን አፉን ሊከፍት እንደሆነ ፊት ለፊቱን እያየሁ እጠብቃለሁ። ትንፋሽ ሲስብ እከፍታለሁ። አንዳንዴ ይቀድሙኛል፣ የመጀመሪያዋ ቃል ትበላለች። ከዚያ ሁሉም ይዞራል። እንግዲህ አንዲት የጠፋች ቃልና ዙሩ የከረረ ፉጨት አወዳድሩና የቱን ትመርጣላችሁ?

ጊዜ ሲሰጠኝ የማደርገው እንዲህ ነው። አዳራሹ ባዶ እያለ ማይኩን ቦታው ላይ አቁሜ ቀስ እያልኩ እከፍተዋለሁ። ሊያፏጭ ሲያቃስት የቷ ፍሪኩዌንሲ እንደሆነች እለይና ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በ31 ባንድ ከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው በሚያስተካክለው ግራፊክ ኢኳላይዘር ላይ እሷን ብቻ ሁለት ሦስት ዴሲቤል አወርዳለሁ። ደግሞ እከፍታለሁ፣ ሁለተኛዋ ትመጣለች፣ እሷንም። አራት አምስት ላይ ማቆም ነው። ከዚያ በላይ መቆራረጥ ፉጨቱን ትቶ ሰውየውን መቁረጥ ይሆናል፤ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ይሄ ሥራ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ግን አዳራሹ ዝም ማለት አለበት። ወንበር እየተጎተተ፣ መሰላል ላይ መዶሻ እየተመታ፣ አንዱ በስልኩ እየጮኸ አይሆንም። ደግሞ ስፒከር ሲያፏጭባቸው «ኧረ በናትህ ቀንሰው!» የሚሉኝ እነሱው ናቸው።

ኢኳላይዘር ካነሳሁ አይቀር ጉዴን ልናገር። ጀማሪ ሳለሁ አይደለም፣ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ነው። የዘፋኟ ድምፅ አፍንጫ አፍንጫ አለኝ። ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ያዝኩና ማውረድ ጀመርኩ። ትንሽ አወረድኩ፣ ተሻለ። ትንሽ ደግሞ፣ አሁንማ ጥርት አለ። ላይኛዋን ነካ አደረግኩ፣ አየር ገባላት። ወደ ኋላ ደገፍ ብዬ በራሴ ስደሰት ረዳቴ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «እሱ የሳክስፎኑ ቻናል ነው» አለኝ። ሳክስፎኒስቱ ያን ሰዓት መድረክ ላይም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን እንደ ድሮው አላምነውም። ማዞሪያ ከነካሁ በኋላ ኢኪውን (ኢኳላይዘሩን) አጥፍቼ አብርቼ ሳላወዳድር አልሄድም። ሰው መስማት የፈለገውን ይሰማል፤ ሳውንድ ማንም ሰው ነው።

የኢኪው ነገር ባጭሩ፣ መጀመሪያ መቀነስ ነው። እያንዳንዱ የድምፅ ማይክ ላይ ሎው ከት የምትባለዋን፣ ወፍራሙን ድምፅ የምትቆርጠዋን ተጫኑ፣ 80 ወይም 100 ሄርዝ ላይ። ከዚያ በታች ያለው አብዛኛው የእግር ኮቴ፣ የማይክ እጀታ መታሸት፣ የንፋስና ከጎን ያለው ቤዝ ጊታር ነው፤ ለዘፋኙ አይጠቅመውም። አሥር ማይክ ላይ ይሄን ብቻ ስታደርጉ መድረኩ ጭቃው ይለቃል። «ቤዝ የለውም» ተብሎ በየቻናሉ ቤዝ የሚጨመርበትን ሚክስ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ፤ ቃሉ አይለይም፣ ደረታችሁ ብቻ ይመታል።

መድረክ ላይ ያለው የሞኒተር ጦርነት ለብቻው ደብዳቤ ይወጣዋል። ጊታሪስቱ «እኔን ጨምርልኝ» ይላል። ጨመርኩ። ኪቦርዲስቱ አሁን ራሱን አይሰማም፣ «እኔን» ይላል። ከበሮ መቺው በዚህ ሁሉ ጩኸት ጠንክሮ ይመታል። ዘፋኙ ያን ሁሉ ተሻግሮ ራሱን መስማት አለበት። እንዲህ እንዲህ ሲሉ መድረኩ ብቻውን አዳራሹን ይሞላዋል፣ እኔ ከፊት የማወጣው ድምፅ ትርፍ ይሆናል። መላው አንድ ነው፤ የጠየቀውን ከመጨመር የሸፈነውን መቀነስ። «ከሱ ላይ ኪቦርዱን ልቀንስልህ?» ስል ብዙው ሰው ይገረማል። ሲቀነስለት ግን ዝም ይላል። ደግሞ እባካችሁ መድረክ ላይ ሆናችሁ በጣታችሁ ወደ ላይ ብቻ አትጠቁሙ። ምኑን ልጨምር? መጀመሪያ ማይኩን ወይም መሣሪያውን አሳዩኝ፣ ከዚያ ጣት።

ስለ መብራትና ኬብል በፍጥነት ልለፍ፤ አንዷ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ሲበራ ሚክሰሩ መጀመሪያ፣ ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው አምፕሊፋየር መጨረሻ። ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ መጀመሪያ። ይሄን የገለበጠ ሰው ስፒከሩ ቧ! ሲል ይማራል። ኮንደንሰር የሚባለው የማይክ ዓይነት የሚፈልገውን 48 ቮልት ኤሌክትሪክ (ፋንተም ይሉታል) ስታበሩም ቻናሉ ሚዩት ይሁን፣ ያው ቧ! ነው። የማይክ ኬብልና የመብራት ገመድ አብረው አይጠቅለሉ፤ መገናኘታቸው ግድ ከሆነ ተሻግረው ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። ኬብል በክርን ላይ የሚጠቀልል ረዳት ካላችሁ ዛሬውኑ አስቁሙት፣ ውስጡ እየተጠማዘዘ ይበጠሳል።

ቆም የምለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ ቪዲዮ ሊያሳይ። ከሚክሰሩ ጋር ስናገናኘው ስፒከሩ ሁም... ይላል። ቻርጀሩ ሲነቀል ዝም ይላል። ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት መንገድ ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያያዘው ገመድ) ስለተገናኙ ነው። መድኃኒቱ ዲአይ ቦክስ የምትባል ትንሽ ሣጥን ናት፤ መሃል ላይ ታስገቧትና ግራውንድ ሊፍት የምትለዋን፣ በድምፅ ኬብሉ በኩል ያለውን ግራውንድ የምታቋርጠዋን መጫን። አንዳንዱ ግን አቋራጭ ብሎ የመብራት ሶኬቱን የግራውንድ እግር ይነቅላል ወይ በቴፕ ይሸፍናል። ይሄ የድምፅ ጉዳይ አይደለም። የግራውንዱ ገመድ ያለው ዕቃው ውስጥ ብልሽት ሲፈጠር ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል እንዳይሄድ ነው። ጊታሩን ይዞ ከንፈሩን ማይክ ላይ የሚያሳርፍ ልጅ አለ መድረኩ ላይ። ሁምታ ማንንም አልገደለም። እንዲህ የተደረገ ሶኬት ካየሁ እስኪቀየር ድረስ ምንም አላበራም፤ «አስቸጋሪ ነው» የሚል ስም አውጥቶልኛል፣ ይሁን።

እስካሁን ሌላውን ነው የከሰስኩት። አሁን እኛን ልክሰስ። ጩኸት እናበዛለን፣ አዎ። ሳውንድ ማን ከሰዓት ጀምሮ ጩኸት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጆሮው ደክሟል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ አይሰማውም፣ ስለዚህ ይጨምራል። ሌላም አለ። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ያሳተሙት ነገር ነው፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙን ከሌላው ይልቅ ይቀንሰዋል፣ ከፍ ሲል ቤዙ ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ ነው ሲጮህ ሁሉ ነገር ያማረ የሚመስለን። ሚክሱ አላማረም፣ ጮኸ እንጂ።

የጆሮ ነገር ደግሞ ሂሳብ አለው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ የሚያስቀምጠው ልክ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ እያለ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቦታዎች ባወጣው መስፈርት በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ ብሏል። እኔ ሚክሰሩ አጠገብ የድምፅ መለኪያ አስቀምጬ ነው የምሠራው። ጆሮዬን እንደማላምነው ነግሬያችኋለሁ።

ታዲያ ኋላ የተቀመጠው አልሰማም ሲል ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን ከፊት እንጨምራለን። ፊት የተቀመጠው ይደነቁራል፣ ኋላ ያለው አሁንም ቃሉ አይለየውም። መንገዱ ከመሃል አዳራሽ ሌላ ትንሽ ስፒከር አቁሞ ማዘግየት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ስፒከሩ ከመድረኩ 34 ሜትር ከራቀ 100 ሚሊ ሰከንድ ማዘግየት አለባችሁ፤ አለዚያ ኋላ ያለው ሰው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። 10 ወይም 15 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ ጨመር ብታደርጉበት ጆሮው ድምፁ ከተናጋሪው አፍ የመጣ ይመስለዋል። አጠገቡ ያለውን ስፒከር ልብ አይለውም። ከዚህ ሥራ ሁሉ ደስ የምትለኝ እቺ ናት፤ ኋላ ሄጄ ቆሜ ቁጥሩን በታብሌት እያስተካከልኩ፣ ድምፁ ድንገት ከስፒከሩ ወጥቶ መድረኩ ላይ ሄዶ ሲቀመጥ።

ታብሌት ካልኩ፣ ዲጂታል ሚክሰር ሲመጣ ብዙ ሰው ሳውንድ ቼክ የቀረ መስሎታል። «ያለፈውን ሴቭ አድርገኸው የለ?» ይሉኛል። አድርጌዋለሁ። ግን ያለፈው ሌላ አዳራሽ፣ ሌላ ዘፋኝ፣ ሌላ የስፒከር አቀማመጥ ነበር። ሴቭ የተደረገው የማዞሪያዎቹ ቦታ እንጂ ድምፁ አይደለም። እንደውም አንዴ የቆየ ሲን (ሴቭ የተደረገ የማዞሪያዎች አቀማመጥ) ጠርቼ ከነሞኒተሩ ተከፍቶ መድረኩ ሁሉ ጮኾብኛል። አሁን ስጠራ ማስተሩን (የሁሉንም መውጫ) ዘግቼ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እንዲህ ነው። ቀጣይ ጊዜ ያችን ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት መጥታችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁን፤ «ሳውንድ ቼክ ስንት ሰዓት ላይ አደረጋችሁ?» በሉ። «ሰው እየገባ» ከተባላችሁ ምንጩን አግኝታችኋል፣ አዘጋጁን ጠይቁልን። «ከሰዓት ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበረን» ካልናችሁና ድምፁ ከተበላሸ ደግሞ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ጻፉብን። አዘጋጆችም ይሄን ካነበባችሁ፣ ከፕሮግራሙ በፊት ለአንድ ሰዓት ዝም ያለ አዳራሽ ስጡን። ወንበሩ ይደርደር፣ አበባው ይምጣ፣ ከዚያ መሰላሉ ይውጣና በሩ ይዘጋ።

ደብዳቤው እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካነሰባችሁ ስለ ሞኒተሩ ጦርነት ያልኩትን አውጡት፣ የሳክስፎኑንም ብታወጡልኝ ቅር አይለኝም። የጌይኗን ግን አትንኩብኝ።

አክባሪያችሁ፣
ሚክሰሩ ጋ የምቀመጠው አንባቢያችሁ